ቤት ሲሠራ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ስለሚደረግ ውል

ቤት ማሠራት በአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛም ሁለት ጊዜ የሚገጥም ነገር ነው። ጤፍ ወይም በርበሬ ስንገዛ ነጋዴው ቢያታልለን ጉዳቱ የሳምንት ነው፤ በሚቀጥለው ገበያ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ቤት የሚያሠራ ሰው ግን የሚማርበት ሁለተኛ ገበያ የለውም። ሠሪው በዓመት ውስጥ አራትና አምስት ቤት ሲገነባ አሠሪው የዕድሜውን አንድ ቤት ያሠራል። እንግዲህ ሁለቱ ለውል በተቀመጡ ጊዜ አንዱ የለመደ፣ አንዱ እንግዳ ሆነው መቀመጣቸው ነው። ስለዚሁ ነገር ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ዳኛም አይደለሁም። ነገር ግን ክስ ቀርቦ መዝገብ ሲከፈት በመዝገቡ ውስጥ ያለውንና የጎደለውን ወረቀት ከዳኛው አስቀድሞ የሚያየው ጸሐፊው ነው።

በሐዋሳ ከተማ ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ በሆነው በአዲስ ከተማ ብንመለከት፣ አንዱ የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ይሠራል፤ ሌላው ከግቢው ጀርባ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ይጨምራል፤ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ የወጥ ቤቷን ወለል ሴራሚክ ታስነጥፋለች። ከተማይቱ ገና ወጣት ናት፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓመታት ሆኖ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። ቤት ፈላጊ በበዛበት ስፍራ ሁሉ ቤት ሠሪ ነኝ ባዩም ይበዛል፤ ይህ በሐዋሳ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ያው ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ይገባል። ከባንክ ተበድሮ የሚሠራው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ቤት የሚሠራው ዕቁብ ሲደርሰው፣ የጡረታ ጊዜው ደርሶ ያጠራቀመውን ሲያወጣ፣ ወይም ልጁ በጅዳ አለዚያም በቤሩት ሰው ቤት አገልግላ ከላከችው ነው። ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከጠፋ ተመልሶ የሚተካ አይደለም። ልጅቱ ያንኑ ያህል ዓመት እንደ ገና ታገልግል ማለት ነውና።

የሚጠፋበትም መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ የታወቀ ሰው «ጎበዝ ግንበኛ አለ» ብሎ ያገናኛል። ግንበኛው መጥቶ ግቢውን በዓይኑ ለክቶ አንድ ድምር ዋጋ ይናገራል፤ ዋጋውም ሌሎች ከጠየቁት ያነሰ ነው። «ሲሚንቶ ሳይወደድ እንግዛ» ብሎ ግማሹን አስቀድሞ ይቀበላል። መሠረቱ በፍጥነት ይወጣል፤ ቤተ ሰቡም ደስ ብሎት ሁለተኛውን ክፍያ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ከስድስት ወደ ሁለት ይወርዳሉ፤ ቀጥሎም ልቅሶ አለብኝ፣ ታምሜአለሁ ይባላል፤ በመጨረሻም ስልኩ አይነሣም። ግድግዳው እስከ መስኮት ደርሶ ዝናም ሲወርድበት ይከርማል።

እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ ሌባ ነው ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን ሁሉንም ሌባ ለማለት አልደፍርም። ሥራውን ለማግኘት ሲል ዋጋውን ከሚያወጣው በታች ያወርደዋል፤ ጉድለቱንም ለመሙላት ከሌላ አሠሪ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል። ከአንዲት ወይዘሮ ለመሠረት የተቀበለውን ገንዘብ ላለፈው ሰው ጣራ ያውለዋል፤ ለእርስዋ ግድግዳ ደግሞ ከሚመጣው ሦስተኛ ሰው ይጠብቃል። ሦስተኛው ሰው ሳይመጣ የቀረ ዕለት ሁሉም በአንድነት ይወድቃል። ስለዚህ ሰውዬው ጨዋ መሆኑን መጠየቅ መልካም ቢሆንም በቂ አይደለም፤ ጨዋም ሰው በዚህ ገመድ ይጠለፋል። ቤተ ሰቡን የሚያድነው ገንዘቡ ምን ጊዜም ከሥራው በኋላ እንዲሄድ አድርጎ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ሰውዬውን ስለ መመርመር በአጭሩ ልናገር። የሥራ ተቋራጮች በደረጃ ተመድበው የሚመዘገቡና ፈቃድ የሚያወጡ ናቸው፤ ፈቃዱን፣ የታደሰበትን ዓመትና የመታወቂያውን ስም አስተያይቶ ማየት ነውር የለበትም፤ የሚቆጣ ቢኖር ቁጣው ራሱ መልስ ነው። ፈቃድ የሌለው ተራ ግንበኛም መልካም ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚይዘው ሥራ በልኩ ይሁን፤ ፎቅ አይሰጠው። አሁን የሠራውን ቤት ሳይሆን ከሦስት ክረምት በፊት የሠራውን ቤት እንዲያሳይ መጠየቅ ይበልጣል። አዲስ ቀለም ሁሉን ይሸፍናል፤ ሦስት ክረምት ግን የጣራውን ፍሳሽና የግድግዳውን ስንጥቅ አውጥቶ ያሳያል። የዚያንም ቤት እመቤት ብቻዋን አግኝቶ «በተነጋገራችሁት ዋጋ ጨረሰ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዚህም በፊት ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል። «ፈቃዱን እኔ በዘመድ አስጨርሳለሁ» የሚል ተቋራጭ ቢገኝ፣ ነገ ሕንፃው ፈርሶ ይነሣ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ትእዛዙ የሚጻፈው በዘመድዬው ስም ሳይሆን በባለ ይዞታው ስም መሆኑን ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። በአገራችን ሁለት ዓይነት ስምምነት የተለመደ ነው። አንደኛው የእጅ ዋጋ ብቻ የሚባለው ሲሆን ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ፌሮውንና ቆርቆሮውን ባለ ቤቱ ይገዛል፤ ሠሪው የጉልበትና የሙያ ዋጋ በካሬ ሜትር ወይም በድምር ይቀበላል። ሁለተኛው ዕቃውንም ጭምር ተቋራጩ ችሎ ቁልፍ የሚያስረክብበት ነው። ጊዜ ያለው ቤተ ሰብ የእጅ ዋጋውን ቢመርጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ገንዘቡ በሰው እጅ ሳይውል ከሱቅ ወደ ግቢ ይሄዳልና። ነገር ግን በየቀኑ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ ሊቆም አይችልም።

በሁለቱም ዓይነት ቢሆን «አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ሊሠራልኝ» ብሎ መጻፍ እንደ አለመጻፍ ይቆጠራል። የመሠረቱ ጥልቀት ስንት ነው? አርማታው ባለ ስንት ቁጥር ፌሮ ይገባበታል? ብሎኬቱ ባለ 15 ነው ወይስ ባለ 20? ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው? ልስኑ በውስጥም በውጭም ነው? የመብራቱ ሽቦና የውሃው ቧንቧ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? የፈረሰውን አፈር ማን ያወጣል? ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ ካልተጻፈው ነገር ነው፤ ስለ ተጻፈው ነገር ሲከራከሩ የሚሰማ ጥቂት ነው። ፕላኑም ተፈርሞበት ከውሉ ጋር ይያያዝ።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል በተዋዋዮቹ ሊፈረምና በሁለት ምስክሮች ሊረጋገጥ እንደሚገባ በቁጥር 1727 ይናገራል። ስለዚህ የቤት ሥራውንም ውል በዚሁ ሥርዓት መጻፍ፣ ምስክሮቹንም ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ማድረግ፣ ቢቻል ሰነድ ወደሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ወስዶ ማስመዝገብ ብልኅነት ነው። በሐዋሳ አንድ የሚጨመር ነገር አለ፤ አሠሪው አማርኛ፣ ሠሪው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ይበልጥ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሁለቱም በሚሰሙት ቋንቋ ይነበብ፤ መነበቡም በውሉ ግርጌ ይጻፍ። ያልገባውን ወረቀት የፈረመ ሰው በኋላ «አልተረዳሁትም» ማለቱ አይቀርምና።

ስለ ቀብድ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በዚህ ቃል ብዙ ሰው ሲሳሳት ይታያልና። በተለመደው ንግግር አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ይባላል። በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው። በቁጥር 1883 እንደ ተጻፈው ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን አጠፌታውን ይመልሳል። ለምሳሌ 50,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ተቋራጭ ሥራውን ቢተው 100,000 ብር መመለስ አለበት ማለት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ግን ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው እንጂ ቀብድ አይደለም። ስለዚህ በውሉ ላይ የትኛው እንደ ሆነ በስሙ ይጠራ፤ «50,000 ብር ተቀብያለሁ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱ ወገኖች ኋላ ሁለት ትርጉም ያመጣሉ። ቀብዱ አነስተኛ ይሁን፤ አጠፌታው የሚረዳው ከተቀባዩ እጅ የሚገኝ ገንዘብ ሲኖር ነው።

ቅድሚያ ክፍያውስ ምን ያህል ይሁን? መንግሥት ራሱ ትልልቅ ሥራ ሲያሠራ በ2002 ዓ.ም. ባወጣው የግዢ መመሪያ ቅድሚያ ክፍያ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ፣ ይህም በዋስትና እንዲሆን ወስኖ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ በዚህ ያህል ጥንቃቄ ከተያዘ የአንዲት ሠራተኛ ልጅ ገንዘብ ያለ ዋስ ግማሹ አስቀድሞ የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። በእጅ ዋጋ ለሚሠራ ሰውማ የሁለት ሳምንት የሠራተኛ ቀለብ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ በደረጃ ይቆረጥ፤ መሠረቱ ወጥቶ ሲሞላ ይህን ያህል፣ ግድግዳው አልቆ የላይኛው አርማታ ሲፈስ ይህን ያህል፣ ጣራው ሲመታ፣ ልስኑ ሲያልቅ እየተባለ ይጻፍ። «በየወሩ» ተብሎ አይጻፍ፤ ወሩ ሥራ ተሠራም አልተሠራም ያልፋል። የመጨረሻው ክፍያ ደህና ተደርጎ ይቅር፤ አንድ ክረምት እስኪያልፍ የሚያዝ ገንዘብ ቢኖርም ይመረጣል። የበሩ መዝጊያ የማይገጥመው፣ የቧንቧው ጫፍ የሚያንጠባጥበው ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው፤ ገንዘቡ ያለቀበት ሠሪም ለእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ተመልሶ አይመጣም።

ገንዘቡ ሲከፈል በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ የሚላከውም በውሉ ላይ ስሙ ወደ ተጻፈው ሰው ሒሳብ ብቻ ነው። «በወንድሜ ሒሳብ አስገቢልኝ» የሚለውን ቃል አለመስማት ነው። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የተቀበለበትን ቀን፣ የገንዘቡን ልክና የየትኛው ደረጃ ክፍያ እንደ ሆነ ጽፎ ይፈርም። አንዳንድ እመቤቶች የሒሳብ ደብተር ይዘው በየክፍያው ሲያስፈርሙ ይታያሉ፤ እንዲህ ያለው ደብተር በችሎት ፊት ከአሥር ምስክር የበለጠ ይናገራል።

የዕቃ ዋጋ መወደድ ብዙ ውል ያፈረሰ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ እየጠፋ መወደዱን፣ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ መውጣቱን ሁላችንም አይተናል። ተቋራጩ «ዋጋ ስለ ጨመረ ጨምሩልኝ» ሲል ሕጉ ምን ይላል? በቁጥር 1764 መሠረት የተዋዋዩ ግዴታ ከገመተው በላይ ቢከብድበትም ውሉ ጸንቶ ይኖራል። ይህ ለአሠሪው የቆመ ቃል ነው። ነገር ግን ከስሮ የተቀመጠን ሰው ሕግ ጠቅሶ ድንጋይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ሲሚንቶውን ይቀንሳል፤ የሲሚንቶው መቀነስም የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ተቋራጩ የሚችል ከሆነ «የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ዛሬ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ ያህል በላይ ከወጣ ልዩነቱን እንዲህ እንካፈላለን» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ለሁለቱም ይበጃል።

ሥራው ሲጀመር ቤተ ሰቡ ምን ይጠብቅ? መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

አሸዋ ሲራገፍ አንድ የብርጭቆ ጠርሙስ አምጥቶ ሲሦውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ አጥብቆ መነቅነቅና አሳድሮ ማየት ነው። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይረጋል። ከላይ ያለው ጭቃ ወፈር ብሎ ከታየ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ፤ ጭቃ የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን አያስይዘውም። ብሎኬቱን በጥፍር ሲፍቁት እንደ አመድ የሚራገፍ ከሆነ ገና ውሃ ያልጠጣ ወይም ሲሚንቶ ያነሰው ነው።

ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል። ስንት ከረጢት እንደ ገባ በደብተር ይጻፍ፤ ባዶው ከረጢት ሳይጣል በአንድ ጥግ ይከማች፤ ማታ ማታ ሙሉውና ባዶው ተደምሮ ከገባው ጋር ይመሳከር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በጓሮ በር የሚወጣውን ሲሚንቶ የሚያስቆም ከዚህ የተሻለ ዘበኛ አላየሁም። ሲቦካም አሸዋውና ጠጠሩ በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ተለክቶ ይግባ። ውሃም አይብዛ፤ ሠራተኛው እንዲቀልለው ውሃ ያበዛል፤ ውሃ የበዛበት አርማታ ግን ሲደርቅ ጉልበት አይኖረውም። ከፈሰሰም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣ። አርማታ የሚፈለግበትን ጉልበት የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ስለ ሆነ የሶሌታውን ድጋፍ በሳምንቱ አንሥቼ ወደ ሌላ ቤት ልውሰድ የሚለውን ሠሪ እሺ ማለት አይገባም። ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ለሠራተኛ ከመተው ይልቅ ለቤቱ ልጆች መስጠት ይሻላል፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ፌሮው አርማታ ሳይፈስበት ይቆጠር፤ ፎቶግራፉም በስልክ ይነሣ። ከፈሰሰ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም። በተለይ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስሩት ስታፋዎች ተራርቀው እንዳይቀመጡ በፕላኑ የተጻፈውን ርቀት በሜትር ለክቶ ማየት ነው። የውሃው ቧንቧም ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ውሃ ተሞልቶበት ይደር።

ስለ ስታፋው አጥብቄ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በጥር ወር 2008 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶባት ሕዝቡ ደንግጦ እንደ ነበር የሚያስታውሰው ብዙ ነው። ምሰሶው እንዳይፈርስ አስሮ የሚይዘው ይኸው ከሲሚንቶው ውስጥ የተቀበረው ቀጭን ብረት ነው። ሐይቁም መውጫ ወንዝ የሌለው ስለ ሆነ ውሃው በየዘመኑ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ወደ ሐይቁ ቀረብ ባለው ምድር ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ቶሎ ይገኛል። ስለዚህ የጎረቤቴ መሠረት ይህን ያህል ነው ብሎ መቁረጥ አይገባም፤ መሬቱን የሚያውቅ ሰው አይቶ ይወስን።

መሬቱ ከዳኝ የሚለው ምክንያት ግን ለተቋራጩ አያገለግለውም። ይህ ጉዳይ በዓለም ላይ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የሕግ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ከ3,700 ዓመት በፊት በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ፣ የሠራው ቤት ወድቆ ባለ ቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ፣ ግድግዳው ቢያዘነብል ደግሞ በራሱ ገንዘብ እንዲያጸና በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። የፈረንሳይ ሕግ በ1804 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሞቱን ቅጣት ትቶ ሠሪው በሥራው ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ጥፋት 10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆን አደረገ። የእኛንም የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ጽናት ዋስ እንደ ሆነ፣ በሥራው ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ለሚደርሰው ጥፋት እንደሚጠየቅ ተጽፏል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል በውሉ ውስጥ ቢጻፍም ዋጋ የለውም። አንዳንድ ተቋራጭ «ከ6 ወር በኋላ አልጠየቅም» የሚል መስመር ያስገባል፤ አንባቢ ሆይ፣ ያ መስመር አያስፈራህ።

ዋስ ሲጠራም አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል። የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልሆነ፣ የሚዋስበትም የገንዘብ ልክ ካልተወሰነ በቁጥር 1922 መሠረት አይጸናም። «ለሚያጠፋው ሁሉ እኔ አለሁ» ብሎ በቡና ላይ የሚናገር ዘመድ በሕግ ዓይን ዋስ አይደለም። መዘግየትንም በሚመለከት በየቀኑ የሚከፈል መቀጫ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል።

ልጅ በውጭ አገር ሆና ቤት ስታሠራ ጉዳዩ ይከብዳል። የምትልከው ገንዘብ ለወንድሟ ወይም ለአጎቷ ይደርሳል፤ ውሉንም የሚዋዋለው እርሱ ነው። ኋላ ክስ ሲመጣ ውሉ በማን ስም እንደ ሆነ፣ ገንዘቡም የማን እንደ ሆነ ለማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል። ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባ የውክልና ሥልጣን ብትሰጥ፣ ተወካዩም ውሉን «ስለ እርስዋ ሆኜ» ብሎ ቢፈርም ይህ ችግር ይቀራል። የምትልከውንም ገንዘብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በውሉ ደረጃ ልክ ትላክ፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት የሥራውን ፎቶግራፍ ይላኩላት። ወንድም በእኅቱ ዘንድ መታመኑ መልካም ነው፤ ወረቀቱም እርሱኑ ከሐሜት ያድነዋል። ባልና ሚስት የሚያሠሩ ከሆነም ሁለቱም አንብበው ይፈርሙ። ብዙ ጊዜ ውሉን የሚፈርመው ባል ሆኖ ቀን ሲሠራ የምትውልበት ሚስት ናት፤ በውሉ ምን እንደ ተጻፈ ሳታውቅ እንዴት ትቆጣጠር?

ከመወጣጫው እንጨት ላይ ሠራተኛ ቢወድቅስ? ይህም በውሉ ይግባ፤ የሠራተኞቹ ደመወዝና ሕክምና በማን እንደ ሆነ በግልጥ ይጻፍ። ባሕር ዛፉ በገመድ ሳይሆን በሚስማር በደህና መመታቱን ማየት ግን የማንም ሰው ግዴታ ነው፤ የሚወድቀው የሰው ልጅ ነውና።

ሥራው ቢቆም ምን ይደረግ? ወዲያው ሌላ ሠሪ አምጥቶ ማስቀጠል ትልቅ ጉዳት አለው፤ የመጀመሪያው ምን ያህል እንደ ሠራ ከዚያ በኋላ የሚያስረዳ የለም። አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፤ ይህን ያህል ቀን ውስጥ ተመልሰህ ሥራህን ቀጥል የሚል ሆኖ፣ መድረሱ በፊርማ ወይም በምስክር ይረጋገጥ። ሕጋችን ባለ ዕዳውን ሳያስጠነቅቁ መክሰስን በተራ ነገር አይፈቅድም። ከዚያም ሙያ ያለው ሰው መጥቶ የተሠራውን ለክቶ ይጻፍ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ሽማግሌ መላክም የተገባ ነው፤ የሲዳማ ሕዝብ አፊኒ በሚባለው ሥርዓቱ ነገርን ተሰምቶ ተመክሮበት እንዲጨርስ ያውቅበታል፤ እንዲህ ያለ ሸንጎ ፍርድ ቤት በዓመት የማይጨርሰውን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል። ዕርቁም ቢሆን ይጻፍ። ተቋራጩ «በሁለት ወር እጨርሳለሁ» ብሎ በሽማግሌ ፊት የተናገረው ቃል ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌዎቹም በየበኩላቸው ያስታውሱታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራው ባማረ ሁኔታ ያለቀ እንደ ሆነ ቁልፍ መቀበል ብቻ አይበቃም። ባለ ቤቱና ሠሪው በአንድነት ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ በሩን ይክፈቱ ይዝጉ፤ መብራቱን ያብሩ፤ ውሃውን ይክፈቱ፤ ወለሉን በውሃ ልክ፣ ግድግዳውን በቱንቢ ይዩ። የቀረው ነገር ተዘርዝሮ ይጻፍና የሚጨረስበት ቀን ይቆረጥ። ከዚያ በኋላ የርክክብ ወረቀት በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ገብቶበት ሁለቱም ይፈርሙ። የአሠሪው ቅጂ ከካርታው፣ ከውሉ፣ ከፕላኑና ከክፍያው ደብተር ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ ነው።